የካርቶኑ ዋትና የጎሮ መብራት

ፓወር ሰፕላይ ከግድግዳው ሶኬት 220 ቮልት ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ ክፍሎች 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት እየዘረዘረ የሚያድል የብረት ሣጥን ነው። ሥራው አዲስ አበባ ውስጥ ከጎሮ መገናኛ የሚመላለስ የሚኒባስ ረዳት ሥራ ነው። ባለ 200 ብር ኖት ይቀበላል፤ ለዚህ አምስት፣ ለዚያ አሥር እያለ ይመልሳል። ማዘርቦርዱ፣ ፕሮሰሰሩ፣ ሃርድ ዲስኩና ማራገቢያው ሁሉ ዝርዝራቸውን ከእሱ እጅ ይጠብቃሉ። ረዳቱ በመልሱ መሃል ጥቂት ሳንቲም እንደሚያስቀር፣ ፓወር ሰፕላይም ከተቀበለው ላይ ጥቂቱን ለራሱ ያስቀራል፤ ያስቀረው በሙቀት መልክ በጀርባው በኩል ይወጣል። ረዳቱ ሲሳሳት የሚጮኸው ተሳፋሪው ነው። ፓወር ሰፕላይ ሲሳሳት ግን የሚጮኸው ራሱ ነው፤ ያውም አንዴ ብቻ።

በጥቂት ገንዘብ ዴስክቶፕ የሚገጣጥም ሰው፣ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት ሊያደርግበትም ይሁን ኮፒ ቤት ሊከፍትበት፣ ይህን ሣጥን የሚያስታውሰው መጨረሻ ላይ ነው። ፕሮሰሰሩ ለጓደኛ ይወራል፤ ግራፊክስ ካርዱ ከነካርቶኑ ፎቶ ይነሣል። ስለ ፓወር ሰፕላዩ ጉራ የነዛ ሰው ግን በጎሮ ማኪያቶ ቤቶች ገና አልታየም። ድግሱ ሁሉ ተገዝቶ ካለቀ በኋላ «ውይ፣ ጨው!» እንደሚባለው፣ ሂሳቡ ተደምሮ የተረፈችው ብር ለእሱ ትመደባለች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ የምትተርፈዋ ብር ይበልጥ ቀጥናለች። እስከ ዋዜማው ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ነበር፤ ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ 100 ብርን ዘለለ። ውጭ 40 ዶላር የሚሸጥ ፓወር ሰፕላይ ቀረጥና ትርፍ ሳይታከልበት በምንዛሬው ብቻ ከ2,280 ብር ወደ 4,000 ብር ተሻገረ ማለት ነው። ገጣጣሚው ይህን ሲሰማ ዓይኑን ወደ ታችኛው መደርደሪያ ዝቅ ያደርጋል፤ እዚያ ርካሹ ተደርድሯል።

ርካሹን ርካሽ የሚያሰኘው ዋጋው እንጂ ቁጥሩ አይደለም፤ ቁጥሩስ ከውዱም ይበልጣል። በመገናኛም ሆነ በመርካቶ ዱባይ ተራ የሚሰማው ንግግር ብዙ አይለያይም።

«ስንት ዋት ነው?»

«ስድስት መቶ። ከፈለግህ ሰባት መቶም አለ።»

«ልዩነታቸው ምንድን ነው?»

«መቶ ዋት ነዋ፣ የኔ ወንድም!»

ሁለቱ ሣጥኖች በእጅ ሲመዘኑ እኩል ናቸው፤ የገመዳቸው ርዝመትም፣ የማራገቢያቸው ስፋትም እኩል ነው። መቶዋ ዋት ያለችው ካርቶኑ ላይ ነው። ለሽምግልና የሄዱ አባቶች ስለ ሙሽራው ሲናገሩ ትንሽ ጨመር ማድረጋቸው ያለ ነው፤ የካርቶኑም ዋት የሽማግሌ ቃል ነው፤ ለመስማት ያስደስታል እንጂ ሂሳብ አይሠራበትም።

ሂሳብ የሚሠራው ሣጥኑ ጎን ላይ በተለጠፈው ወረቀት ነው። በዚያ ሰንጠረዥ ለእያንዳንዱ ቮልት ስንት አምፔር እንደሚሰጥ ተጽፏል፤ ቮልቱ በአምፔሩ ሲባዛ ዋት ይሆናል። «500 ዋት» በሚል አንድ ርካሽ ሣጥን ላይ በ3.3 ቮልት 28 አምፔር፣ በ5 ቮልት 30 አምፔር፣ በ12 ቮልት 15 አምፔር ተጽፎ ቢገኝ፣ የመጀመሪያው ወደ 92፣ ሁለተኛው 150፣ ሦስተኛው 180 ዋት ነው። ሁሉም ተደምሮ 422 ይመጣል። ቀሪዋ 78 ዋት ምርቃት ናት። ይባስ ብሎ የዛሬ ኮምፒውተር ከዚህ ድምር የሚፈልገው በ12 ቮልት በኩል የሚመጣውን ነው፤ ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም የሚበሉት ከዚያ ነው። በ5 እና በ3.3 ቮልት ብዙ የሚያድል ሣጥን፣ ኢንቴል የኤቲኤክስን ደንብ ባወጣበት በ1995 እ.ኤ.አ. ዘመን ለነበሩ ማሽኖች ድግስ የደገሰ ነው፤ እንግዶቹ ከሄዱ ቆይተዋል። ስለዚህ ይህ «500» ለአሁን ሰው 180 ነው። ከደህና አምራች የወጣ 450 ዋት ሣጥን ግን በ12 ቮልቱ ብቻ ከ400 ዋት በላይ ሲሰጥ ይገኛል፤ የሚታየውም በዚያችው ሰንጠረዥ ላይ ነው።

የሚያስፈልገው ዋትም ቢሆን እንደሚፈራው አይበዛም። ኮር አይ3-12100ኤፍ ፕሮሰሰር ሙሉ ጉልበቱን ሲያወጣ 89 ዋት ይስባል። ጂቲኤክስ 1650 ግራፊክስ ካርድ 75 ዋት ነው። ለማዘርቦርድ፣ ለራም፣ ለዲስክና ለማራገቢያ 50 ዋት ቢታሰብ ጠቅላላው 214 ነው፤ ደህና 350 ዋት ሣጥን ይህን ሳያልበው ይሸከማል። ካርዱ አርቲኤክስ 3060 ከሆነ 170 ዋት ስለሚስብ ድምሩ ወደ 309 ይወጣል፤ አምራቹ ኤንቪዲያ ግን ለዚህ ካርድ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይመክራል። ካርድ ለቅጽበት ከመደበኛው በላይ ስለሚስብ መጠባበቂያ ያስፈልጋል። ከዚያ በላይ ያለው ጭማሪ ገዢው ምን ዓይነት ሣጥን እንደሚገዛ ለማያውቅ አምራች የጥርጣሬ ግብር ይመስላል።

እስከዚህ የተባለው ለማንኛውም ከተማ ይሠራል። በጎሮ ግን ከዋቱ በፊት መነበብ ያለባት በዚያው ወረቀት ጥግ በደቃቅ ፊደል የተጻፈችው የመግቢያ ቮልት መስመር ናት። በአንዱ ላይ «230 ቮልት» ብቻ ይላል፤ በሌላው «100–240 ቮልት» ይላል። ሻጭ ስለዚህች መስመር ተናግሮ አያውቅም፤ ገዢም ጠይቆ አያውቅም። ጎሮ ላይ ለሚኖር ሰው ግን ከመቶ ዋት ምርቃት እሷ ትበልጣለች።

ምክንያቷን ለማየት ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አንድ ግቢ ውስጥ መቆም ይበቃል። ከኋላ ቤት ያሉት እናት ሊጥ አቅጥነው ምጣድ ለኩሰዋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ቢስብ ብቻውን ወደ 16 አምፔር ይወስዳል፤ ያ በጀት ኮምፒውተር አሥራ ስድስት ጊዜ ማለት ነው። ጎረቤትም ለምን ወደኋላ እቀራለሁ ብላ ጥዳለች። ከአስፋልቱ ዳር ያለው የብየዳ ቤት የኮንዶሚኒየም መስኮት ፍርግርግ እየበየደ ነው፤ ብልጭ ባለ ቁጥር የሳሎኑ መብራት ያጣቅሳል። ፍሪጁ ሊነሣ ይሞክርና ያቃስታል። ትራንስፎርመሩ ሩቅ ነው፤ ሽቦው ቀጭን ነው፤ መስመሩ ጫፍ ላይ ላለ ቤት የሚደርሰው ቮልት ከ220 እየወረደ ይሄዳል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ነው፤ ከጉባ ተነሥቶ አዲስ አበባ ድረስ የመጣ ኃይል ግን የመጨረሻዋን ሁለት መቶ ሜትር ከምጣድ ጋር እየተጋፋ ነው የሚሄዳት።

በዚህ ሰዓት «230 ብቻ» የሚለው ሣጥን የመጣለትን እንደ መጣ በካፓሲተሩ ያጠራቅማል፤ 220 ሲመጣ ወደ 311 ቮልት ይይዛል፤ 160 ሲመጣ ወደ 226 ይወርዳል። ጉርሻው ሲያንስ ትንፋሹ ያጥራል፤ ብየዳው አንዴ ብልጭ ሲል ኮምፒውተሩ ይጠፋና ራሱ ተመልሶ ይነሣል። «100–240» የሚለው ግን መጀመሪያ የመጣውን ሁሉ፣ አነሰም በዛም፣ ወደ 380 ወይም 400 ቮልት አንሥቶ ነው ሥራ የሚጀምረው፤ ባለሙያዎች አክቲቭ ፒኤፍሲ የሚሉት ይህን ነው። ለእሱ 160 ቮልት የሥራ ቀን ነው። እናትየው ምጣዳቸውን ሳያቋርጡ፣ ልጃቸውም ሬንደሩን ሳያቋርጥ ቅዳሜው ያልፋል።

የመጀመሪያውን የገዛው ግን ጥፋቱን ሌላ ቦታ ይፈልጋል። የሠርግ ቪዲዮው 97 በመቶ ደርሶ ሲጠፋበት «ቫይረስ ነው» ይባላል። የሰፈሩ ባለሙያ ይጠራል፤ ለሁሉም በሽታ የሚሰጥ አንድ ጠበል አለ፤ ፎርማት። ኮምፒውተሩ ፎርማት ይደረጋል፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ እንደገና ይጠፋል። ራም ይቀየራል። ዊንዶውስ ይታማል። በሦስተኛው ፎርማት ሙሽሮቹ ልጅ ሊወልዱ ደርሰዋል፤ ቪዲዮው ገና ነው። ፓወር ሰፕላዩን ግን የጠረጠረው የለም፤ ማራገቢያው ይዞራልና።

ቮልቱ ዝቅ ከማለት ሌላ ከፍ የሚልበትም ጊዜ አለ። ከምሰሶው ላይ ኒውትራሉ ሲበጠስ ለቤት የታሰበው 220 ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። ኤሌክትሪክ ሠሪው መጥቶ «ፌዝ ተደርቦ ነው» ይላል፤ ቃሉ በሁለቱም ፍቺው ልክ ነው። ይህን የትኛውም ፓወር ሰፕላይ አይችለውም፤ 240 የተጻፈለት ከዚያ ጥቂት አልፎ ይቆማል። ለዚህ የሚሆነው ከሶኬቱ ላይ የሚሰካ፣ ቮልቱ ከልክ ሲወጣ የሚቆርጥና መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚለቅ ጋርድ ነው። የጎሮ ቤተሰብ ለፍሪጅ ከገዛው ቆይቷል፤ ከፍሪጁ አጠገብ ለተቀመጠው ኮምፒውተር ግን ባዶ ዲቫይደር ይበቃዋል ብሎ ያምናል። መብራት ሲመጣ ልጆች በእልልታ የሚቀበሉባት ያቺ ቅጽበት ለኤሌክትሮኒክስ የቀኑ ክፉ ሰዓት ናት።

ደህናውን ከርካሹ የሚለየው አሟሟቱም ነው። ደህናው ቮልት ሲያልፍ፣ ሽቦ ሲነካካ ወይም ጭነት ሲበዛ ራሱን የሚያጠፋ መከላከያ አለው፤ ሲሞትም ብቻውን ይሞታል። ርካሹ ግን 12 ቮልት በሚሄድበት ሽቦ ከዚያ የበለጠ ልኮ ማዘርቦርዱንም ዲስኩንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። ዲስኩ ውስጥ ያሉት የሦስት ሠርጎችና የአንድ ክርስትና ፎቶዎች ናቸው።

80 ፕላስ የሚባለው ምልክት ረዳቱ ለራሱ ስንት እንደሚያስቀር የሚናገር ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ምስክር ወረቀት ሲሆን፣ ተራው ቢያንስ 80 በመቶውን ለኮምፒውተሩ ያደርሳል፤ ከዚያ ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅ እያለ ይወጣል። የኦሊምፒክ ሜዳሊያ የለመደ አገር ወርቁን ሳያይ አያልፍም፤ ለበጀት ኮምፒውተር ግን ነሐሱ ይበቃል። ኮምፒውተሩ 200 ዋት ቢፈልግ፣ 85 በመቶ የሚያደርሰው ነሐስ ከግድግዳው 235 ዋት ይስባል፤ 70 በመቶ ብቻ የሚያደርሰው ርካሽ 286። በቀን ስድስት ሰዓት ቢሠራ ልዩነቱ 0.3 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ምጣዱ በአንድ ሰዓት ጋገራ የሚጨርሰው የዚህን የአሥራ አንድ ቀን ነው፤ ከካርድ ቆጣሪው ላይ በዚህ ምክንያት የሚተርፍ ሀብት የለም። የምልክቱ ጥቅም ሌላ ነው፤ ሣጥኑን አንድ ሰው በመሣሪያ እንደ ለካው ይመሰክራል። ምልክቱን ማተም እንጂ መለካት ስለማይቀል አንዳንዱ ምልክቱን ብቻ ያትማል፤ ያን ጊዜ የሚያጋልጠው የአምፔሩ ሰንጠረዥ ነው።

ገንዘቡ ለአዲስ ካልበቃ ያገለገለ ይታያል። በዚህ በኩል የሚገርመው ሐቀኛ ዕቃ ከቢሮ የወጣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ ውስጥ ያለው ነው። የኦፕቲፕሌክስ 7020 ትልቁ ሣጥን 290 ዋት ነው፤ 290 ተብሎ ተጽፎበታል፤ የሚሰጠውም 290 ነው። እንዲህ ያለ ጨዋነት ገበያ ላይ አያስከብርም፤ «ስድስት መቶ» ከሚለው ጎን ሲቆም ታናሽ ወንድም ይመስላል። ችግሩ ጋብቻ የማይፈቅድ መሆኑ ነው። ዴል በዚያ ሞዴል የተጠቀመው መሰኪያ የራሱ ስለሆነ፣ ከተለመደው ባለ 24 እግር ማዘርቦርድ ጋር አይገጥምም። መፍትሔው መላ ኮምፒውተሩን ከነቤቱ ገዝቶ ተጨማሪ መሰኪያ የማይፈልገውን ባለ 75 ዋት ካርድ መጨመር ነው። ለኮፒ ቤትና ለትንንሽ ኤዲቲንግ ከዚህ የረከሰና የታመነ መንገድ የለም።

ሌላው ያገለገለ ደግሞ ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣው ነው። ከጀርባው ቀይ ማብሪያ የመሰለች ትንሽ ቁልፍ ካለችው፣ ከመሰካቱ በፊት እሷን ማየት የግድ ነው። «115» ላይ ከሆነች ሣጥኑ ገና ቨርጂኒያ ነው። እንደዚያው ጎሮ ላይ ሲሰካ የመጣውን ቮልት እጥፍ ሊያደርግ ይነሣል፤ እያንዳንዳቸው ለ200 ቮልት የተሠሩ ሁለት ካፓሲተሮች ከ300 በላይ ይጎርሳሉ። ከዚያ ርችት ነው። ጎረቤት «ምንድን ነው?» እያለ ይወጣል፤ ሣሎኑ የተቃጠለ ሽሮ ያልሆነ፣ ግን ማንም የማይረሳው ሽታ ይሸታል። ቁልፏን በካቻቪቴ ጫፍ ወደ «230» መግፋት ሁለት ሰከንድ ይፈጃል።

ደህናም ይሁን ርካሽ፣ ሣጥኑ ምድር ሽቦ ከሌለው ሶኬት ጋር ከተሰካ ኬዙ ይነዝራል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ መግቢያው ላይ ያሉት ማጣሪያ ካፓሲተሮች የመግቢያውን ቮልት ግማሽ ያህል ወደ ብረቱ ያሳልፋሉ፤ መውጫው ምድር ሽቦ ነበር። ሽቦው ከሌለ መውጫው ባዶ እግሩን ሲሚንቶ ላይ ቆሞ ፍላሽ የሚሰካው ሰው ይሆናል። በብዙ ቤት የተገኘው መፍትሔ ነጠላ ጫማ ነው። ከጠረጴዛው ሥር ለኮምፒውተሩ ተብሎ የተቀመጠ አንድ ጥንድ ነጠላ ጫማ ያለበት ቤት ጎሮ ብቻ አይደለም ያለው። ኤሌክትሪክ ሠሪ ጠርቶ ምድር ሽቦ ማስገባት ግን ከነጠላ ጫማው ይሻላል፤ እንግዳ ሁሌ ጫማ አያደርግም።

ዩፒኤስ የሚጨምር ካለ፣ እሱም ሁለት ቁጥር ያለው ነው። «650» የሚለው ቪኤ ነው እንጂ ዋት አይደለም፤ በዋት ሲነገር ብዙውን ጊዜ ከ400 በታች ነው። መብራት ሲጠፋ ወደ ባትሪ ለመዞር ጥቂት ሚሊሰከንድ ይፈልጋል፤ ደንቡን የጠበቀ ፓወር ሰፕላይ 16 ሚሊሰከንድ ያህል ትንፋሹን ይይዝለታል፤ ርካሹ አይጠብቅም። ዩፒኤስ ተገዝቶለትም የሚጠፋ ኮምፒውተር ያለው ሰው ባብዛኛው የሚያማው ዩፒኤሱን ነው።

ሱቅ ውስጥ የሚደረገው ሙከራ ቀላል ነው። ከገመዶቹ መካከል የባንዲራው ሦስት ቀለማት ሁሉ አሉ፤ ቢጫው 12 ቮልት፣ ቀዩ 5 ቮልት፣ አረንጓዴው ማስነሻ ነው። ሻጩ ስፒናውን ሰክቶ አረንጓዴውን ከጥቁሩ ጋር በአጭር ሽቦ ያገናኛል፤ ማራገቢያው ይዞራል፤ «አየኸው አይደል?» ይላል። ያየው ማራገቢያ ሲዞር ነው። ሙከራው ሣጥኑ መነሣቱን ይናገራል፤ ምን ያህል እንደሚሸከም አይናገርም። ሻጩን ሳያስቀይም የሚደረግ ሌላ ሙከራ አለ፤ ሁለቱን ሣጥኖች ከመደርደሪያው አውርዶ በሁለት እጅ መመዘን። መዳብ፣ አሉሚኒየምና ትልልቅ ካፓሲተር ይከብዳሉ፤ የሌሉበት ይቀላል። ከፍቶ ማየቱ ግን አይመከርም፤ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ካፓሲተሩ ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ከተገዛ በኋላ የሚቀረው አራት ብሎን ነው። አሮጌው ሣጥን ከበሩ ጀርባ ጥቂት ወር ይቀመጣል፤ ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት በሰፈሩ ውስጥ «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ልጁ ሮጦ ይወጣና «600 ዋት ነው» ብሎ ያስረክበዋል። ቆራሌው ወረቀቱን አያነብም፤ ሣጥኑን በአንድ እጁ ወደ ላይ ወደ ታች ያደርገዋል።

«ይሄማ ባዶ ነው፣ የኔ ልጅ» ይልና ከረጢቱ ውስጥ ይጥለዋል።